የምላስ ሎቲ ምንድን ነው? የተሠራበት ማዕድንስ ለምን ያሳስባል?

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ጆሮ መብሳትም ሆነ ድድ መነቀስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምላስን በስቶ ጌጥ ማስገባት ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። የምላስ ሎቲ የሚባለው በምላስ መካከል ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ ቀጥ ያለ ዘንግ ሲሆን፣ ጫፎቹ ላይ እየተጠመዘዙ የሚጠብቁ ትንንሽ ኳሶች አሉት።

ምላስ እንደ ጆሮ ጫፍ አይደለም። መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን ወደ ላይ ያነሣ ሰው፣ ከሥሩ በግራና በቀኝ የተጋደሙትን ሰማያዊ የደም ሥሮች ያያል፤ መርፌው እነዚህን ከወጋ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። ምላስ በተበሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያብጥ የመጀመሪያው ዘንግ ረዘም ያለ መሆን ይኖርበታል፤ እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ በአጭር መለወጥ አለበት። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። በጣና ዳር ሻይ እየጠጣች ኳሱን ከታችኛው የፊት ጥርሷ ጋር ቀጭ ቀጭ የምታደርግ ወጣት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋል፤ ይህ ልማድ ጥርስን ይሸርፋል፣ ከጥርሱ ጀርባ ያለውን ድድም ወደ ታች ያሸሻል፤ የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አያድግም።

ወደ ማዕድኑ ስንመጣ፣ ለአዲስ ቁስል የሚመረጠው ለአጥንት ቀዶ ሕክምናም የሚውለው ቲታኒየም ነው። «ሰርጂካል ስቲል» (የቀዶ ሕክምና ብረት) የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ 316ኤል የሚባለው ዓይነት እንኳ ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል፣ ማለትም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ የሚያስቆጣ ማዕድን፣ አለው፤ ኒኬሉ ከብረቱ ጋር በጽኑ የተዋሐደ ቢሆንም፣ ርካሽ ጉትቻ ሲያደርግ ጆሮው የሚያሳክከውና የሚያዥበት ሰው ሊርቀው ይገባል። በአንገታችን የምናጠልቀው ብር በቁስል ውስጥ ይጠቁራል፣ ቆዳንም ሊያጠቁር ይችላል። በወርቅ የተለበጠ ጌጥ ልባጩ ስለሚላጥ ለአፍ አይሆንም።

የሚበሳበት መርፌ ከታሸገበት የተፈታ፣ ሌላ ሰው ያልነካ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይተላለፋሉ። ጌጡም በግፊት በታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ከጀርም መጽዳት ይኖርበታል፤ በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት መለብለብ አይበቃም።

ከሁሉ የምፈራው ግን ልብን ነው። በአገራችን በልጅነት ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የተነሣ የልባቸው ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ የአፍ ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ወደ ደም ገብቶ በተጎዳው ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ይህም ሕይወትን ያሳጣል። ለዚሁ የልብ ሕመም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስድ ሰው ምላሱን ከቶ ባይበሳ እመክራለሁ።

ቁስሉ እስኪድን፣ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ከምግብ በኋላ አፍን ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ከሚጥሚጣ፣ ከዳጣና ከመጠጥም መታቀብ ያስፈልጋል። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ከወረደ፣ መዋጥ ካስቸገረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።