የዑደታዊ ኢኮኖሚ ማኅበራዊ ገጽታ

ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚባለው ዕቃን ተጠቅሞ በመጣል ፋንታ ጠግኖ፣ ደግሞ ተጠቅሞ፣ አልያም አቅልጦ እንደገና በመሥራት ጥሬ ሀብቱን ከአገልግሎት ሳያወጡ የማቆየት አሠራር ነው። ሲወራለት በብዛት የሚነሳው ቶንና ካርቦን ነው። ዕቃውን ከመጣያ ወደ ፋብሪካ የሚመልሰው ግን ሰው ነው፤ በብዙ ታዳጊ አገሮች ከተሞች ይህን የሚሠሩት ቋሚ ደመወዝም ኢንሹራንስም የሌላቸው ለቃሚዎች ናቸው።

ሥራው ዕውቀት ይጠይቃል። ፔት ከተባለው ፕላስቲክ በተሠሩ የመጠጥ ጠርሙሶች መካከል ፒቪሲ የተባለ ሌላ ፕላስቲክ ጥቂት ከገባ የቀለጠው ሁሉ ይበላሻል፤ ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ፒቪሲ እዚያ ሳይደርስ ፈራርሶ አሲድ ያመነጫል፣ ፕላስቲኩን ያጠቁራል፣ ማሽኑንም ይበላል። በውሃ መለየትም አያዋጣም፤ ክዳኖቹ ይንሳፈፋሉ፣ ፔትና ፒቪሲ ግን አብረው ይሰምጣሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ለቃሚ ጠርሙሱን ገልብጦ መቀመጫውን ያያል፦ መሐሉ ላይ ነጥብ የመሰለች እብጠት ካለች ፔት ነው፤ የመጋጠሚያ መስመር ከተሳበበት ያጠራጥራል። ሲያጥፉት ነጭ ሰንበር ከቀረበት ባይቀላቀል ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚተመነው በኪሎ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ነዳጅ ሲረክስ አዲስ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ የውዳቂው ዋጋም አብሮ ያሽቆለቁላል፤ ደላላው ድርሻውን አስቀድሞ ስለሚያነሳ ኪሳራው ለቃሚው ላይ ያርፋል። የተሻለው መላ ቆሻሻ የማንሳቱን አገልግሎት ከዕቃው ሽያጭ ለይቶ መክፈል ነው። በሕንዷ ፑኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 የለቃሚዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ ከእሱ የወጣው ስዋች የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተዋውሎ ቤት ለቤት ይሰበስባል። አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት አባላቱ ከነዋሪው ወርሃዊ ክፍያ ይቀበላሉ፣ የለዩትንም ለራሳቸው ይሸጣሉ። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የደረቅ ቆሻሻ ሕግ ለለቃሚዎች ዕውቅና ሰጥታለች።

«ለማዘመን» ተብሎ ለአንድ ድርጅት በተጣለ ቶን ልክ የሚከፈል ውል ሲሰጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድርጅቱ በለየ ቁጥር ገቢው ስለሚቀንስ አይለይም፤ ለቃሚውንም ከበር ይመልሳል።

ከሁሉ የከፋው የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል ልባሱ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ ከሰርኪዩት ሰሌዳ የሚወጣው እርሳስም አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው። በእጅ የሚዞር የሽቦ መላጫ መሣሪያ እሳቱን ያስቀራል። ቀጫጭን ሽቦ መላጥ ግን ጊዜ ስለሚፈጅ፣ በኪሎ የሚከፈለው ሰው ሲቸኩል ወደ ክብሪቱ ይመለሳል።