ዱቦይስ፦ ቤት ለቤት ዞሮ ያጠናው ሶሲዮሎጂስት

ሶሲዮሎጂስቱ (የኅብረተሰብ አጥኚው) ዊልያም ኤድዋርድ በርክሃርት ዱቦይስ በ1868 (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በፊስክ፣ በሃርቫርድና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ። በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ያም ሆኖ የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለማስተማር አልተከፈተለትም።

በ1896 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የፊላዴልፊያን ጥቁሮች እንዲያጠና በጊዜያዊነት ቀጠረው። ማስተማር ግን አልተፈቀደለትም። እሱም ከባለቤቱ ከኒና ጋር እዚያው ሰባተኛው ወረዳ ውስጥ ቤት ተከራየ። መጠይቁን ይዞ በር እያንኳኳ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን አነጋገረ። ሥራቸውን፣ ኪራያቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን ጠየቀ። ከዚያ የሰፈሩን ቤቶች በኑሮ ደረጃ እየለየ በካርታ ላይ ቀለም ቀባ።

ውጤቱ በ1899 በመጽሐፍ ወጣ። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁር ድህነትንና ወንጀልን የጥቁሮች ተፈጥሮ አድርጎ ያወራ ነበር። ዱቦይስ ግን ምክንያቱን የባርነት ቅሪት ውስጥ፣ ሥራ በመከልከል ውስጥና በተወደደ ኪራይ ውስጥ አሳየ። ድሆቹን በሥነ ምግባር ሲገሥጽ አንዳንዴ ይከብዳል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ማስረጃው ግን ዛሬም ጽኑ ነው።

ቀጥሎ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር በየዓመቱ ጥናት አወጣ። ለ1900 የፓሪስ ዐውደ ርዕይም የጥቁሮችን ኑሮ በእጅ በተሳሉ ባለቀለም ሰንጠረዦች አቀረቡ። ይህ ሁሉ የሆነው የቺካጎ ሶሲዮሎጂስቶች በከተማ ጥናት ስም ከማውጣታቸው በፊት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ግን ለረጅም ጊዜ ክብሩን ለቺካጎ ሰጡ። ይህ ትልቅ በደል ነው። የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር አንዱን ታላቅ ሽልማቱን በስሙ የሰየመው በ2006 ነው።

በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ያለ ፍርድ በመንጋ ተገደለ። ዱቦይስ የሟቹ የጣት አጥንቶች አትላንታ ሱቅ ውስጥ ለእይታ መቀመጣቸውን ሰማ። ሰው እንዲህ እየተገደለ በእርጋታ መረጃ ብቻ መሰብሰብ ከበደው። በ1909 ኤንኤኤሲፒ የተባለውን የመብት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። «ዘ ክራይሲስ» የተባለውን መጽሔቱንም ከ1910 እስከ 1934 አዘጋጀ።

ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በጥቅምት 1935 ስለ ኢትዮጵያ ቀውስ «ፎሪን አፌርስ» መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር።

በ1961 የጋናው ፕሬዚዳንት ኩዋሜ ንክሩማህ ጋብዞት ጋና ገባ። እዚያም ስለ አፍሪካ ኢንሳይክሎፒዲያ ማዘጋጀት ጀመረ። ሥራው ሳያልቅ ነሐሴ 27 ቀን 1963 በ95 ዓመቱ አክራ ላይ ዐረፈ።