«ልምድ ስለሌለኝ የምጽፈው የለኝም» እና ሌሎች ስለ መሐንዲሶች ሲቪ የሚነገሩ ስሕተቶች

ጎንደር ውስጥ በሕንፃ ግንባታ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አዲስ መሐንዲስ ሲቀጠርም ማመልከቻዎችን ከሚመረምሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ተመራቂዎች ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያሳተሙትን ሲቪ በክላሰር ይዘው ሲመጡ፣ ከአብዛኞቹ አፍ የምሰማው «ልምድ ስለሌለኝ የምጽፈው የለኝም» የሚለውን ነው። ይህ አባባል ፍጹም ስሕተት ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ሥራ ሲያሳጣ ስላየሁም በዝምታ ላልፈው አልችልም።

የምሕንድስና ተማሪ ዲግሪውን የሚያገኘው አምስት ዓመት ተምሮ፣ በኢንተርንሺፕ ወራትን ሳይት ላይ አሳልፎ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሠርቶ ነው። ሲቪው ላይ ግን ይህ ሁሉ «ኢንተርንሺፕ ሠርቻለሁ» በሚል አንድ መስመር ያልቅና የቀረው ቦታ «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» በሚሉ ቃላት ይሞላል። እነዚህን ቃላት ሁሉም አመልካች ስለሚጽፋቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት አይረዱም።

አምና ለቃለ መጠይቅ ከጠራናቸው መካከል አንዲት ተመራቂ ነበረች፤ ሲቪዋ ከሌሎቹ በምንም ስለማይለይ ሳትጠራ ልትቀር ጥቂት ነበር የቀራት። «ሳይት ላይ ምን ሠራሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ አዘዞ አካባቢ በሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የመሠረቱን ፌሮ ከሥዕሉ ጋር እንድታመሳክር ታዛ እንደነበር ነገረችን። ሥዕሉ በፌሮዎቹ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ እሷ በሜትር ስትለካ ሁለት ፉቲንጎች (የምሰሶ መሠረቶች) ላይ 20 ሆኖ አገኘችው፤ ከሚያስፈልገው ብረት ሩብ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። ፎርማኑ «ምንም አይል» ቢላትም ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ አሳየችው፤ ሙሌቱም ለማግስቱ ተላልፎ የጎደለው ፌሮ ተጨመረ። ይህን ለምን እንዳልጻፈችው ስጠይቃት «ያኔ እኮ ተለማማጅ ነበርኩ፤ እሱ ሥራ አይባልም» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ማስረጃ በዚያን ቀን ከማንም አልሰማሁም።

ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደተሠራ፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ያህል መጠን እንደተሠራና ምን እንዳስገኘ ይናገር። «የኮንክሪት ጥራት ተቆጣጥሬያለሁ» ከማለት ይልቅ «ለሲ-25 ኮንክሪት የስላምፕ ፍተሻ አካሂጄ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚፈተሹ ኪዩቦችን አዘጋጅቼ ውጤታቸውን መዝግቤያለሁ» ብሎ መጻፍ (ሲ-25 የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው፤ ስላምፕ የእርጥቡን ኮንክሪት ቅጥነት፣ ኪዩቦቹ ደግሞ የጠነከረውን አቅም መፈተሻ ናቸው) ለጠያቂው መነሻ፣ ለተጠያቂው መተማመኛ ይሰጣል። ከመመረቂያ ፕሮጀክትም ርዕሱ ብቻውን አይበቃም፤ በዋልካ አፈር ላይ ለሚቆም ሕንፃ መሠረት የነደፈ ተመራቂ፣ አፈሩ ውኃ ሲያገኝ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅም እንደሚሰነጠቅ አስቦ ምን ዓይነት መሠረት እንደመረጠ ይጻፍ። ሌላ ሰው ሲሠራ ቆሞ ያየውንም «ተከታትያለሁ» ይበል እንጂ «ሠርቻለሁ» አይበል፤ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃልና።

«የሶፍትዌር ዝርዝር በረዘመ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም እውነት አይደለም። አውቶካድን፣ ኢታብስን (ሕንፃ ጭነቱን መሸከሙ የሚሰላበትን)፣ ሲቪል ስሪዲንና ፕሪማቬራን ደርድሮ ለእያንዳንዳቸው አምስት ኮከብ መስጠት ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። ኢታብስን የጻፈ ሰው ስንት ፎቅ እንደሠራበት፣ ጭነቱንም በየትኛው የሕንፃ ደንብ እንዳሰላ መጠየቁ አይቀርም።

ፎቶግራፍ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ማስታወቂያው ካልጠየቀ አያስፈልጉም።

«አንድ ሲቪ ለሁሉም ቦታ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ለሳይት መሐንዲስነት የሚፈለገው ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት የመስክ ሥራ ነው፤ ለቢሮ መሐንዲስነት ግን ታክኦፍ ሺት (የሥራ መጠን ከሥዕል እየተለካ የሚሰላበት ቅጽ) መሥራት፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀትና የሥራ መርሐ ግብር ማውጣት ቀድመው መታየት አለባቸው።

የዘመን አቆጣጠር ነገር ትንሽ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አንድ አመልካች በ2014 ተመርቄ በ2022 ሥራ ጀመርኩ ብሎ ስለጻፈ፣ አብሮኝ ይመረምር የነበረው ባልደረባዬ ስምንት ዓመት ሥራ ፈት እንደነበር ቆጥሮ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎት ነበር። ልጁ ግን የተመረቀው ሐምሌ 2014 በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ሥራ የጀመረው መስከረም 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በመካከሉ ያለው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ከላይ እስከ ታች በእሱ መጻፍ፣ የትኛው እንደሆነም መግለጽ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም «ምስክር የሚሆነው ሰው ስም ለደንቡ ያህል ነው» የሚባለውን አትመኑ፤ እኛ እንደውላለን። የኢንተርንሺፕ ኃላፊያችሁን ስም ከማስፈራችሁ በፊት ደውላችሁ አስፈቅዱት፤ መቼና የትኛው ሳይት ላይ አብራችሁት እንደሠራችሁም አስታውሱት።