የምሁራን መስፈርት ምንድን ነው? ዊኪፒዲያ ለየትኛው ፕሮፌሰር ገጽ ይከፍታል?

አንድ ሰው ፕሮፌሰር ስለሆነ ብቻ ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ አያገኝም። ዕድሜ ልኩን አስተምሮ፣ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶም ላያገኝ ይችላል። ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን የሚጠየቀው «ጎበዝ ነው ወይ?» ተብሎ አይደለም። «ሥራው በሙያው ላይ አሻራ ጥሏል ወይ? ከራሱና ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ ማን መሰከረለት?» ተብሎ ነው።

እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለዚህ ራሱን የቻለ መመሪያ አለው። ስምንት መስፈርቶች ተዘርዝረዋል፤ አንዱን ማሟላት ይበቃል። ከፍተኛ የአካዳሚ ሽልማት፣ እንደ ለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባለ መርጦ በሚያስገባ ማኅበር አባል መሆን፣ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነት፣ የታወቀ ጆርናል ዋና አዘጋጅነት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ዲን መሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

ጭቅጭቁ ያለው የመጀመሪያው መስፈርት ላይ ነው፦ «በሙያው ጉልህ ተጽዕኖ ማሳደር»። ሰው ሁሉ ጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ገብቶ ቁጥር ይዞ ይመጣል። «ኤች-ኢንዴክሱ 20 ነው» ይልሃል። ቢያንስ 20 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ በሌሎች ጽሑፎች ተጠቅሰዋል ማለቱ ነው። ታዲያ ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? እንደ ሙያው ነው። በሕክምና ምርምር አንድ ጽሑፍ ላይ ደርዘን ሰው ይፈርማል፣ ጽሑፉም ጥቅሱም ይበዛል። የሒሳብ ሰው በዚያ ሚዛን ቢመዘን ይበደላል። የታሪክ ምሁር ደግሞ ዋና ሥራው መጽሐፍ ነው፤ ለእሱ ጆርናሎች ላይ የወጡ የመጽሐፍ ግምገማዎች ከቁጥሩ ይበልጥ ይናገራሉ። እኔ በበኩሌ ከብዛቱ በፊት ጠቃሾቹን ባይ እመርጣለሁ። የገዛ ባልደረቦቹ ናቸው ወይስ የማያውቁት ሰዎች?

ምንጭም ሌላ ጣጣ ነው። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ የሰውየውን ማዕረግ ለማረጋገጥ ይሆናል፤ ታላቅነቱን ለማስመስከር ግን አይሆንም። ማን የራሱን ሰው ያማል?

ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ የገጠማቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከዤራር ሙሩ ጋር ያሳተሙት የሌዘር ጽሑፍ በሙያው ዝነኛ ነበር። በ2013 ኦፕቲካል ሶሳይቲ የተባለውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሆኖም በግንቦት 2018 ስለ እሳቸው የቀረበው ረቂቅ «ምንጮቹ አያሳምኑም» ተብሎ ተመለሰ። አምስት ወር ሳይሞላ ኖቤል ተሸለሙ፤ ገጹም ያኔ ተከፈተ። በእኔ ግምት መስፈርቱን ድሮም ያሟሉ ነበር። ገምጋሚው ግን ረቂቁ ሥር የተደረደሩትን ምንጮች አይቶ ፈረደ፣ ከዚያ አልፎ ሌላ ምንጭ አልፈለገም።

የተከፈተ ገጽም ቢሆን «ይሰረዝ» የሚል ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ውይይቱ በተለምዶ 7 ቀን ይቆያል። እጅ ተቆጥሮ አይወሰንም፣ የሚመዘነው ማስረጃው ነው። ስለዚህ የምሁሩ ተማሪዎች በጅምላ መጥተው «ይቆይ» ቢሉ ብዙም አይጠቅሙትም። አንድ ጥሩ ገለልተኛ ምንጭ ይዞ የመጣ ሰው ይሻለዋል።