«ፊደል ይገድላል፣ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል»፦ የጨዋታ ደንብና ምናባዊ ታሪክ

የዚህ አባባል ምንጭ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን የጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 6 ነው። ሐዋርያው በዚያ ስፍራ በድንጋይ ጽላት የተቀረጸውን ኪዳን በሰው ልብ ከሚጻፈው አዲስ ኪዳን ጋር ያነጻጽራል፤ ስለዚህም «ፊደል» ያለው የተጻፈውን ሕግ እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው፣ ትምህርትን አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ አባባሉ የሕጉን ቃል አንድ በአንድ እየጠበቀ ሕጉ የወጣበትን ዓላማ ለሚያፈርስ ሰው መገሠጫ ሆኖ ያገለግላል።

ይህን እውነት ከምናባዊ ጨዋታዎችና ከእነርሱ ከተወለዱት ታሪኮች ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ መስክ አላውቅም። ጋሪ ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ወክለው በምናብ ጀብዱ የሚሠሩበትን፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ነው። በ1979 ለጨዋታ መሪዎች፣ ማለትም ታሪኩን ለሚመሩና ደንቡን ለሚዳኙ ሰዎች፣ ያሳተመው መመሪያ በሠንጠረዥና በቁጥር የታጨቀ ቢሆንም፣ መዝጊያው ላይ ዋናው የጨዋታው መንፈስ እንጂ የደንቡ ፊደል እንዳልሆነ አስረግጦ ይናገራል።

በዚያ ደንብ መሠረት የቆሰለ ተዋጊ የሕይወት ነጥቡ (ምን ያህል ጉዳት እንደሚችል የሚለካው ቁጥር) እስኪያልቅ ድረስ በሙሉ ጉልበቱ ይዋጋል፤ ካህን ቁስሉን ይፈውስለታል፤ ቢሞት እንኳ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ ካህን ሊያስነሣው ይችላል። ለተጫዋቹ መልካም ነው፤ እንዳለ ወደ መጽሐፍ ቢገለበጥ ግን ሞት የማያስፈራበት ታሪክ ይወጣል። ማርጋሬት ዋይስና ትሬሲ ሂክማን ከ1984 ጀምሮ ባሳተሟቸው፣ በዚሁ ጨዋታ ላይ በተመሠረቱት የ«ድራጎንላንስ» ልብ ወለዶች ችግሩን የፈቱት ደንቡን በዝምታ በመዝለል ሳይሆን ዓለሙን ራሱን በመለወጥ ነው። በታሪኩ ዓለም ከደረሰው ታላቅ ጥፋት በኋላ አማልክቱ ከሰው ስለራቁ፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ እውነተኛ ፈዋሽ ካህን አልተገኘም፤ እያንዳንዱ ቁስል ክብደት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። በጨዋታው አስማተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ዋጋ የተጠቀመበትን ድግምት መርሳት ብቻ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ግን ሬይስትሊን የተባለው አስማተኛ አስማት በሠራ ቁጥር እያሳለ ይዝላል።

አባባሉን ጠቅሶ ደንብን ሁሉ መናቅ ግን ስሕተት ነው፤ ያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 ቁጥር 12 «ሕጉ ቅዱስ ነው» ብሏልና። በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» የተባለው ቪዲዮ ጌም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በውጊያ የወደቀ ባልደረባ «የፊኒክስ ላባ» በተባለ የጨዋታው ዕቃ ይነሣል፤ ከባልደረቦቹ አንዷ የሆነችው ኤሪስ በጠላታቸው በሴፊሮስ ሰይፍ ስትሞት ግን ላባው አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራም አይነገርም። ያ ሞት እጅግ ያሳዘነው ተጫዋቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደንቡ ተማምኖ ስለተጫወተ ነው። ይህን ኃይል አልክድም፤ ቢሆንም ደንቡ ለምን እንደታጠፈ አስቀድሞ የሚነግረውን የ«ድራጎንላንስ»ን መንገድ አብልጬ አከብራለሁ፤ ብዙ ተጫዋቾች ኤሪስን የሚመልስ ስውር መንገድ አለ ብለው ለረጅም ጊዜ መፈለጋቸውም ያልተሰጠው ምክንያት ምን ያህል እንደጎደላቸው ያሳያል።