የዝንብ ዘንግ፦ ታሪኩ፣ አሠራሩና አመራረጡ

የዝንብ ዘንግ፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፍላይ ሮድ፣ በመንጠቆ ላይ ከላባና ከክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ወደ ውኃ ለመወርወር የሚያገለግል ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። በተለመደው ማጥመጃ ከክሩ ጫፍ የታሰረው የእርሳስ ብረት ወይም ማባበያ ክሩን እየጎተተ ይበራል። ዝንብ ግን ይህ ነው የሚባል ክብደት የለውም። ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው፤ ዝንቡ ተከትሎት ይሄዳል። ዘንጉ በዚህ መሐል የደጋን ሥራ ይሠራል፦ ክሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ይጎብጣል፣ ሲቃና ደግሞ ክሩን ወደ ፊት ይልከዋል።

በዝንብ የሚጠመደው ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ የሚወድ፣ ዓይኑ የሰላ፣ ቶሎ የሚደነብር ዓሣ ነው። እሱን የሚያጠምድ ዘንግ ክሩን ውኃው ላይ ሳያንቦጫርቅ ማሳረፍ፣ ዓሣው ከተያዘ በኋላም እንደ ፀጉር የቀጠነውን መሪ ክር ሳይበጥስ ማስታገስ ይጠበቅበታል። ይህን የሚችል ዘንግ የግድ ውድ መሆን አለበት የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የዕቃው ታሪክ ግን ከብዙ ሻጮች አፍ ከሚወጣው የተለየ ነገር ይናገራል።

ከጥንት እስከ ቀርከሃ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በ200 ዓ.ም. ገደማ ኤልያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል፤ ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፣ ክራቸውም ያንኑ ያህል ነበር። በ1496 እንግሊዝ ውስጥ ስለ ዓሣ ማጥመድ የታተመው ጽሑፍ ዳም ጁሊያና በርነርስ ለተባለች መነኩሲት ይሰጣል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ዘንግ የሚሠራው ከተራ እንጨት ነበር፤ ኋላ ላይ ከደቡብ አሜሪካ ጫካ የሚመጣው ግሪንሃርት የተባለው ከባድ እንጨት ተጨመረበት።

የፍልጥ ቀርከሃ ዘመን

የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው ከቅርፊቱ ሥር በታጨቁት ቃጫዎች ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይላላል። ዘንግ ሠሪው ይህን አውቆ ግንዱን በቁመቱ ይፈልጥና እያንዳንዱን ፍልጥ ባለ 60 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ይልገዋል፤ የውጪውን ፊት ግን አይነካም። ከዚያ ስድስቱን ፍልጦች በሙጫ አጣብቆ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ያወጣል። እያንዳንዱ ፍልጥ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት። በዚህ አቀጣጠን ላይ ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያነሰ ልዩነት እንኳ የዘንጉን ጠባይ ይለውጣል። በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ለአንድ ዘንግ ከ40 ሰዓት በላይ ማጥፋቱ የተለመደ ነው።

ጀማሪው ማን ነው በሚለው ላይ ክርክር አለ። አሜሪካውያን የሚጠሩት ሳሙኤል ፊሊፒን ነው፦ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በኢስተን ከተማ ይኖር የነበረ ጠመንጃ ሠሪ ሲሆን ቫዮሊንም ይሠራ ነበር፤ ሥራውም በ1840ዎቹ ላይ ይመደባል። እንግሊዞች ከእሱ ቀድመው የዘንግ ጫፍ በሦስትና በአራት ፍልጥ ይሠሩ ነበር የሚሉም አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ከአንድ ሰው ጠረጴዛ አንሥቶ ወደ ፋብሪካ ያሻገረው ግን ያለ ጥርጥር ሃይራም ሌናርድ ነው። በሜይን ግዛት፣ በባንጎር ከተማ፣ በ1870ዎቹ ፍልጡን በልኩ የሚልግ ማሽን ሠራና ማሽኑን በተቆለፈ በር ጀርባ አኖረው። በ1881 ወደ ኒውዮርክ ግዛት፣ ወደ ሴንትራል ቫሊ ተዛወረ። የመቆለፊያው ጥቅም ብዙም አልዘለቀም። ቶማስ፣ ኤድዋርድስ፣ ፔይንና ሐውስ የተባሉት ሠራተኞቹ ሙያውን በእጃቸው ይዘው ወጡና የየራሳቸውን ስም ተከሉ።

የታሪክ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ስለ ታላላቆቹ ስሞች ብቻ ያወራሉ። አብዛኛው ሰው ያጠመደው ግን በእነሱ ዘንግ አልነበረም። የዩቲካው ሆሮክስ ኢቦትሰንና የማሳቹሴትሱ ሞንታጉ የተባሉት ኩባንያዎች ዘንግ በገፍ እየሠሩ ለተራው ገዢ ያቀርቡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ብዙዎቹ ልፍስፍስ ነበሩ፤ መጋጠሚያቸው ይላላል፣ ቫርኒሻቸውም ጉድለት ለመሸፈን የተቀባ ያህል ይወፍራል። በሁለቱ ዓለም መካከል የቆሙት የሚቺጋኑ ሄደን፣ የኢንዲያናው ሳውዝ ቤንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዴንቨሩ ግሬንጀር ናቸው። የግሬንጀር ዘንግ ጌጥ አይወድም። መጋጠሚያው ኒኬል ሲልቨር ከተባለው ቅይጥ ብረት ነው፣ የክሩ ጥምጣም ጠባብና እኩል ነው፣ አቀጣጠኑም የሮኪ ተራሮችን ነፋስ በሚያውቅ ሰው የታሰበ ነው። በዚሁ ቤት ሙያውን የተማረው ቢል ፊሊፕሰን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ያንኑ ወግ ቀጠለ። ደህና ሆኖ የተሠራ፣ ደመወዝተኛ የሚገዛው ዘንግ የሚለው ሐሳብ በሙሉ ክብሩ የታየው በዴንቨር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ቀርከሃው ዓይነት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቀድሞ ከሕንድ የሚመጣው የካልካታ ቀርከሃ ነበር የሚሠራበት፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቶንኪን የተባለው ተተካ። ስሙ ያሳስታል። ቀርከሃው የሚበቅለው ቬትናም ውስጥ ባለው ቶንኪን ሳይሆን በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ነው። ፍሎይድ መክሉር የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1931 አሩንዲናሪያ አማቢሊስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ተወዳጅ» ማለት ነው። በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስታግድ ይህ ቀርከሃ ወደ አሜሪካ መምጣቱን አቆመ። እገዳው የተነሣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ መጋዘናቸውን አስቀድመው ያልሞሉት ፋብሪካዎች ወይ ተዘግተዋል ወይ ወደ ሌላ ሥራ ዞረዋል።

ፋይበር ግላስና ካርቦን

ፋይበር ግላስ የመጣው ከእገዳው በፊት ነው፤ ሼክስፒር የተባለው የሚቺጋን ኩባንያ የአርተር ሃዋልድን ፈጠራ ይዞ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለገበያ አቀረበ። ርካሽ ነው፣ አይበሰብስም፣ ልጅ ቢረግጠውም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በጠባብ ወንዝ ላይ ዛሬም የሚመርጡት አሉ።

ጠንካራ የካርቦን ቃጫ የሚሠራበት ዘዴ በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ፣ በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ተፈለሰፈ። ፌንዊክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 የካርቦን ዘንግ ለገበያ ሲያቀርብ የቀርከሃውም የፋይበር ግላሱም ዘመን በአንድ ጊዜ አረጀ። ቦሮን ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ቃጫም ተሞክሮ ነበር።

የካርቦን ዘንግ አሠራር ለገዢው ብዙ ነገር ስለሚገልጽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሙጫ የተነከረ የካርቦን ጨርቅ በስለት ተቆርጦ፣ እየቀጠነ በሚሄድ የብረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። በላዩ ላይ ሴሎፎን ተወጥሮ ይታሰርና ምድጃ ይገባል። ሲበስል ብረቱ ከመሐል ይመዘዛል፣ ሴሎፎኑ ይላጣል፣ ክፍት ቱቦ ይቀራል። ምስጢሩ ያለው በብረቱ ቅርጽና በጨርቁ አቆራረጥ ላይ ነው። ይህ አንዴ ከተገኘ በኋላ ሺህ ጊዜ መድገም ከባድ አይደለም። ርካሽ ዘንግ ጥሩ መሆን የቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው፦ ቀርከሃ እያንዳንዱን ዘንግ እንደ አዲስ ያስጀምራል፣ ካርቦን ግን የአንዱን ባለሙያ ሐሳብ ለብዙዎች ያካፍላል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የደቡብ ኮሪያና የቻይና ፋብሪካዎች ሥራውን እየወረሱ መጡ። ቴምፕል ፎርክ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ሌፍቲ ክሬህን የመሰሉ ስመ ጥር ወርዋሪዎችን ለንድፍ እያማከረ ዘንጉን በኮሪያ አሠራ። የአወራወር ሻምፒዮን የነበረው ቲም ራጄፍ ያቋቋመው ኤኮ፣ ሬዲንግተን፣ እንዲሁም የኦርቪስ ክሊርወተር የሚባለው ዘንግ በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በውድና በርካሽ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። ውዱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ጫፉም ከውርወራ በኋላ ቶሎ ዝም ይላል። ልዩነቱ በዋጋው ልክ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ይሰጣል።

የቁጥሩ ነገር

በዘንጉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚያመለክተው ዘንጉ የሚወረውረውን ክር ነው። አሜሪካውያን የማጥመጃ ዕቃ አምራቾች በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተስማሙበት መሠረት የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር ያህሉ፣ ይመዘናል። ቁጥር 4 የሚባለው ክር 7.8 ግራም፣ ቁጥር 5 የሚባለው 9.1 ግራም፣ ቁጥር 6 የሚባለው 10.4 ግራም ገደማ ነው። ክሩ በዚህ ይለካል፤ ዘንጉ ግን መለኪያ የለውም። አምራቹ የመሰለውን ይጽፋል። ዘንጎች እየደረቁ፣ ማለትም አልጎብጥ እያሉ፣ ሲመጡ ክር አምራቾችም ከመለኪያው በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር የሚከብድ ክር መሥራት ጀመሩ፤ ስለዚህ ዛሬ በሁለቱም ላይ «5» የሚል ቢነበብ ተስማምተዋል ማለት አይደለም። ዊልያም ሃነማን የተባለ ኬሚስት ለዚህ ቀላል መፍትሔ አምጥቷል፦ ዘንጉን አግድም ማሰር፣ ከጫፉ ላይ ትንሽ ከረጢት ማንጠልጠል፣ ጫፉ የዘንጉን ቁመት አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ እያንዳንዳቸው 2.5 ግራም የሚመዝኑ የአሜሪካ ሳንቲሞችን መጨመር። ሳንቲሞቹ ሲቆጠሩ የዘንጉ ጥንካሬ ይታወቃል። አምራቾች ይህን መለኪያ አልወደዱትም።

አመራረጥ

አንድ ዘንግ ብቻ የሚገዛ ሰው 9 ጫማ ማለትም 2.74 ሜትር የሚረዝም፣ ቁጥር 5፣ በአራት የሚከፈል ቢይዝ አይሳሳትም። ዛፍ በከበበው ጠባብ ወንዝ ላይ 7 ጫማ ተኩል ቁጥር 3 ይመቻል። ዝንቡን ወደ ወንዙ ወለል አስጠልቆ የሚያጠምድ ደግሞ 10 ጫማ ይፈልጋል።

ፈጣን የሚባለው ዘንግ ከጫፉ አካባቢ ብቻ ይጎብጣል፤ ዝግተኛው እስከ እጀታው ይታጠፋል። ማስታወቂያው ሁሉ ፈጣኑን ያሞግሳል፣ ምክንያቱም ሩቅ ይወረውራል። ነገር ግን ትራውት የሚያዘው በአብዛኛው ከ12 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። በዚያ ርቀት ደረቅ ዘንግ ጨርሶ አይጎብጥም፣ የጀማሪውም እጅ ምን እንደተፈጠረ አይሰማውም። መካከለኛው ለብዙው ሰው ይበቃል።

ዘንጉን በእጅ ሲመረምሩ ከቀለበቶቹ መጀመር ጥሩ ነው። ገጣጥሞ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ ማየት፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ሠራተኛው ቸኩሏል። ቁጥራቸውም ቢያንስ በየጫማው አንድ ሊደርስ ይገባል፤ ቆጣቢ አምራች መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። ቀጥሎ ጥቂት ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ፤ ጥጡ የትም ቦታ ከተያዘ ያ ቀለበት የመወርወሪያውን ክር ይልጣል። ቀለበቱን የሚያስረው ክር መነሻው ላይ ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ በደንብ ካልሸፈነው ውኃ ይገባበትና የቀለበቱ እግር ይዝጋል። የእጀታውን ቡሽ በአውራ ጣት ጫን ጫን ማድረግ፤ ጉድጓዶቹ በሙጫና በቡሽ ዱቄት ተሞልተው ከሆነ መሙያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እየረገፈ ይሄዳል። ይህ ርካሽ ዘንግ ሁሉ የሚጋራው ጉድለት ስለሆነ ብዙ አያስቀይምም። መጋጠሚያዎቹ ግን ይቅርታ የላቸውም። ተገጥሞ ሲወዛወዝ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መመለስ ነው።

በጨርቁ መደራረብ ምክንያት እያንዳንዱ ቱቦ ጠንከር የሚል አንድ ጎን አለው። ቀለበቶቹ ከዚያ ጎን ጋር መገጣጠም አለባቸው የሚሉና ለውጥ የለውም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ጉዳዩ አልተቋጨም።

ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ከዘንጉ ላይ ይቀንስ እንጂ ከመወርወሪያው ክር ላይ አይቀንስ። ጥሩ ክር ተራ ዘንግን ያነሣል፤ መጥፎ ክር ምርጡን ዘንግ ያዋርዳል። ለትራውት የሚሆን ማጠንጠኛ አብዛኛውን ጊዜ ክር ማኖሪያ ነው፣ ቀላሉ ይበቃል። የዋስትናው ቃል ግን በደንብ ይነበብ። ኦርቪስ ለውድ ዘንጎቹ ብቻ ሳይሆን ለክሊርወተርም የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፣ ሌሎችም ዕድሜ ልክ ይላሉ። ይሁንና ለእያንዳንዱ ስብራት የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያ ከርካሽ ዘንግ ዋጋ አንጻር ቀላል አይደለም።

አብዛኛው ዘንግ የሚሰበረው በዓሣ አይደለም። የመኪና በር አለ፣ የጣሪያ ማራገቢያ አለ። ዓሣውን ወደ እግር ለማቅረብ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ማቆምም ጫፉን ከአቅሙ በላይ ያጥፈዋል። እርሳስ የተጠመጠመበት ዝንብ በውርወራ መካከል ዘንጉን ሲመታ ለዓይን የማይታይ ቁስል ይተዋል፤ ዘንጉ የሚሰበረው ከሳምንታት በኋላ በትንሽ ዓሣ ላይ ነው፣ ባለቤቱም ፋብሪካውን ይረግማል። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መብረቅ ባለበት ሰማይ ሥርና በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ዘንግ አይነሣም። በየመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ሻማ መቀባት ቁርጥራጮቹ በመወርወር መካከል እንዳይላሉ ያደርጋል፤ በቀኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ እየነኩ መጥበቃቸውን ማረጋገጥ ደግሞ ምንም አያስወጣም።