አምስተኛ ጎማ፦ ጎታችና ተሳቢ የሚገናኙበት ብረት

አምስተኛ ጎማ ጎማ አይደለም። አየር አይነፋም፣ መንገድም አይነካም። ከጎታች መኪና የኋላ አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) በላይ ተቀምጦ የተሳቢውን አፍንጫ የሚሸከምና እንደ ልቡ እንዲዞር የሚያደርግ የብረት ማያያዣ ነው። ስሙን የወረሰው ከፈረስ ሰረገላ ዘመን ነው። ባለ አራት መንኮራኩር ሰረገላ በሚታጠፍበት ጊዜ የፊተኛው አክስል ከነመንኮራኩሮቹ በሰረገላው አካል ሥር መዞር ነበረበት። ለዚህም በአክስሉና በአካሉ መካከል አግድም የተኛ ክብ ብረት ይገባ ነበር። ቅርጹ ከአራቱ ጋር ስለሚመሳሰል አምስተኛ ተባለ። ሰረገላው ሲቀር ስሙ ግን አልቀረም።

ከፈረስ ወደ ሞተር የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ አንድ የጣውላ ነጋዴ ጀልባውን በፎርድ መኪናው ለመጎተት ፈለገ፤ ኦገስት ፍሩሃፍ የተባለ አንጥረኛም ተሳቢ ሠራለት። የተሳቢው የፊት ጫፍ በጎታቹ ላይ የሚያርፍ ስለነበር ፍሩሃፍ ሴሚ ትሬይለር አለው፤ ስሙም ጸና። በዚያው ጊዜ ገደማ ቻርለስ ማርቲን ለሞተር ተሽከርካሪ የሚሆን አምስተኛ ጎማ ሠራ። ዛሬ በየአውራ ጎዳናው የሚታየው ረጅም የጭነት መኪና ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የወረደ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ግን ለጉዳያችን፣ ማለትም ማያያዣን ለውጦ የጉዞን መንገጫገጭ ለማለስለስ፣ ይበልጥ ይቀርባል። በአውሮፕላን ሥራው የሚታወቀው ግሌን ከርቲስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤሮካር የተባለ የመንገደኛ ተሳቢ ለገበያ አቀረበ። ማያያዣው በጎታቹ መኪና የኋላ ክፍል ውስጥ በጀርባው የተኛ፣ አየር የተነፋ የአውሮፕላን ጎማ ነበር። ከተሳቢው የሚወርደው ፔርኖ (ወፍራም የብረት ዘንግ) በጎማው እምብርት ይገባል፤ መንገዱ የሚያመጣውን ንዝረትም ጎማው ይውጠዋል። አምስተኛው ጎማ ስሙ የተገባው ያኔ ይመስለኛል። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጡት የአየር ከረጢት ማያያዣዎች በሐሳብ ከከርቲስ ጎማ ብዙም አልራቁም።

አሠራሩ

ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ኪንግፒን የሚባል ወፍራም የብረት ፔርኖ ወደ ታች ይወርዳል። የተለመደው ውፍረቱ 2 ኢንች ወይም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅግ ከባድ ለሆነ ጭነት 3.5 ኢንች የሆነው ያገለግላል። በጎታቹ ላይ ያለው ሳህን ከኋላው የተሰነጠቀ ነው። ጎታቹ ወደ ኋላ ሲሄድ ፔርኖው በስንጥቁ ገብቶ መንጋጋው ይቆልፍበታል። ሳህኑ ክብደቱን ይሸከማል፣ መንጋጋው ይጎትታል፣ ፔርኖው ደግሞ መዞሪያ ይሆናል።

በጭነት መኪና ላይ የሚሠራው ይኸው መሣሪያ በአነስተኛ መጠን ወደ ፒካፕ መጥቷል። በተለይ በሰሜን አሜሪካ ሰዎች እንደ ቤት የሚኖሩባቸውና የሚጓዙባቸው ትልልቅ ተሳቢዎች የሚጎተቱት በዚህ መንገድ ነው፤ ተሳቢዎቹ ራሳቸውም በማያያዣቸው ስም ይጠራሉ። ማያያዣው በፒካፑ የጭነት ክፍል ውስጥ፣ ልክ ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ይገጠማል። ከመኪናው ጭራ ላይ በኳስ የሚያያዝ ተሳቢ ከአክስሉ ኋላ ረጅም ክንድ ስላለው ነፋስ ሲገፋው ጎታቹን እንደ ጭራ ይወዘውዘዋል። አምስተኛ ጎማ ይህ ክንድ የለውም፤ ከኋላ መወዛወዝን በእጅጉ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው። ዋጋው ክብደት ነው። በኳስ የሚጎተት ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በጎታቹ ላይ ሲጥል፣ በአምስተኛ ጎማ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይጥላል።

ሦስት ዓይነት መንገጫገጭ

ማያያዣውን የሚለውጥ ሰው ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ጉዞው ይንገጫገጫል። ነገር ግን መንገጫገጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ምክንያቱ ሳይለይ የተገዛ መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ወስዶ ጥቂት ይመልሳል።

የመጀመሪያው ከፊት ወደ ኋላ የሚመታው ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይም መኪናው ቁልቁለት ሲጀምር ከወንበሩ ጀርባ በመዶሻ የተመታ ያህል ይሰማል። መነሻው በፔርኖውና በመንጋጋው መካከል ያለ ክፍተት ነው። ክፍተቱ በሚሊ ሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በቶን የሚቆጠር ብረት በዚያች ክፍተት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲጋጭ ትንሽ አይደለም። ማያያዣው በጭነት ክፍሉ ወለል ላይ የታሰረባቸው ቡሎኖች ከላሉ ወይም ማያያዣው ከወለሉ ሐዲድ ጋር የሚገናኝበት ፒን ካረጀ ድምፁም ስሜቱም አንድ ዓይነት ነው። የተሳቢው ፍሬን ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነም ተሳቢው ጎታቹን ከኋላ ይገፋዋል። ይህ ጥፋት ከፍሬን መቆጣጠሪያው ማስተካከያ እንጂ ከማያያዣው የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ነው። ጎታቹ አፍንጫውን ያነሣል፣ ይደፋል፣ እንደገና ያነሣል። በኮንክሪት መንገድ ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም የኮንክሪቱ መጋጠሚያዎች በእኩል ርቀት የተሠሩ ናቸው። መጋጠሚያዎቹ በየ4.5 ሜትሩ ቢሆኑና መኪናው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ እያንዳንዱ አክስል በሰከንድ ከ5 ጊዜ በላይ ይመታል። የጎታቹ የፊትና የኋላ ጎማዎች፣ ከዚያም የተሳቢው አክስሎች በየተራ ሲመቱ አንዱ ምት ሌላውን ሊያጎላው ይችላል። ፍጥነትን በ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ምንም መሣሪያ ያላመጣውን ዕረፍት የሚሰጠው የምቱ ቅኝት ስለሚለወጥ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ በመሆኑ ነው መሰለኝ የሚያስተዋውቀው የለም።

ሦስተኛው ጎን ለጎን ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ተሳቢው ይጋደላል፤ የማያያዣው ራስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ግድለቱ ሳይለዝብ ወደ ጎታቹ ሻሲ ይተላለፋል። በአራቱም አቅጣጫ የሚያዘነብል ራስ ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ወጣ ገባ ባለ ሜዳ ላይ ለማያያዝም ያመቻል።

ምን ይለወጣል?

ለመጀመሪያው ዓይነት ሁነኛው መድኃኒት የመንጋጋው ነገር ነው። በርካሽ ማያያዣዎች ላይ ፔርኖውን ከኋላው የሚዘጋው አንድ የብረት አሞሌ ብቻ ነው፤ ፔርኖው ብረቱን የሚነካው በጠባብ መስመር ነው። ከዚህ የተሻለው ከሁለት ወገን የሚጨብጥ ወይም ፔርኖውን ዙሪያውን የሚያቅፍ መንጋጋ ነው። ሰፊ ገጽ ይነካል፣ ክፍተቱ ያንሳል፣ መበላቱም ይዘገያል። አዲስ መንጋጋ አሮጌ ፔርኖን አያድስም፤ ስለዚህ ፔርኖው ተበልቶ እንደሆነ በመለኪያ ማየት ከመግዛት ይቀድማል።

ለሁለተኛው ዓይነት ሁለት መንገድ አለ፤ ጎማ ወይም አየር። በጎማ የሚሠራው ዘዴ በብረትና በብረት መካከል ወፍራም የጎማ ጡብ ያስገባል። ጎማ ሲታመቅ የተወሰነውን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ ስለሚያስቀረው የወሰደውን ሁሉ አይመልስም። ጥገናውም ጥቂት ነው። አየር የበለጠ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን አየር የተቀበለውን መልሶ የሚወረውር ሞላ ነው። ሾክ አብዞርበር (የሞላን ዝላይ የሚገታ መሣሪያ) የሌለው የአየር ከረጢት አንዱን ከባድ ምት ወደ ብዙ ቀላል ዝላይ ሊለውጠው ይችላል። ደግሞም ግፊቱ በፔርኖው ላይ ካለው ክብደት ጋር መመጠን አለበት። ከመጠን በላይ የተነፋ ከረጢት ከደረቅ ብረት አይሻልም፤ ያነሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ብረት ከብረት ያጋጫል። ተሳቢው ውኃና ዕቃ ሲሞላ ወይም ሲራገፍ ክብደቱ ስለሚለወጥ፣ በየጉዞው መለኪያውን የማያይ ሰው በጎማ የሚሠራውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ማለስለሻው የት ይቀመጥ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱ ቦታ በፒካፑ ውስጥ ያለው ማያያዣ ራሱ ነው። ሌላው ፔርኖው የተተከለበት፣ ከተሳቢው አፍንጫ የሚወርደው የፔርኖ ሳጥን ነው። ልዩነቱ በአጠቃቀም ነው፤ የመጀመሪያው ከመኪናው ጋር ስለሚኖር የትኛውንም ተሳቢ ያገለግላል፤ ሁለተኛው ከተሳቢው ጋር ስለሚሄድ የትኛውም ጎታች ቢስበው ይሠራል። ብዙ ባለቤቶች ተሳቢያቸውን ሳይለውጡ መኪና ስለሚለውጡ ሳጥኑ የተሻለ ግዢ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱንም መደርደር ግን ብልሃት አይደለም። ሁለት ሞላ በተከታታይ ሲቆም መኪናው በዝግታ እንደሚወዛወዝ ጀልባ ይሆናል።

አምስተኛ ጎማውን አንሥተው በጭነት ክፍሉ ወለል ላይ በተተከለ ኳስ ለመጎተት የሚቀይሩም አሉ። የጭነት ክፍሉ ነጻ ይሆንላቸዋል። ይሁን እንጂ ከተሳቢው አፍንጫ እስከ ወለሉ ኳስ ድረስ የሚወርደው ረጅም ክንድ እንደ ማንሻ ይሠራል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ለአጭር ሳጥን የተሠራውን የተሳቢውን ሻሲ ይጠመዝዘዋል፤ ብየዳው የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። ለዚህ አገልግሎት ታስቦ የተሠራና የሻሲው አምራች የፈቀደው ካልሆነ ባይሞከር ይመረጣል።

አጭር የጭነት ክፍል ያለው ፒካፕ የራሱ ጣጣ አለው። በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ የተሳቢው ማዕዘን የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይመታል። ለዚህ ሲባል ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማያያዣ ተሠርቷል፤ አንዳንዱ በእጅ፣ አንዳንዱ ሲታጠፍ በራሱ ይንሸራተታል። ሌላው ዘዴ የሚዞር የፔርኖ ሳጥን ነው። በሽብልቅ አማካይነት ፔርኖው በማያያዣው ውስጥ እንዳይዞር ይታሰርና መዞሪያው ወደ ኋላ፣ ወደ ተሳቢው ይሸሻል። ሽብልቁ ከማያያዣው ራስ ጋር በልኩ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የመጀመሪያውን ዓይነት መንገጫገጭ በገዛ እጅ መግዛት ነው።

ክብደቱስ?

ለስላሳ ማያያዣ ከባድ ነው። 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ 20 በመቶውን በፔርኖው ቢጥል 1,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ማያያዣው 100 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ከዚያ አራት ሰዎችና ጓዛቸው ሲጨመር የፒካፑ የመሸከም አቅም ሳይታሰብ ያልቃል። አቅሙ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ባለው መለያ ተጽፏል። ማስታወቂያዎች የሚያጎሉት የመጎተት አቅምን ነው፤ በአምስተኛ ጎማ ግን ቀድሞ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ የመሸከም አቅም ነው። አቅሙ ያለፈ መኪና ባሌስትራው (ከብረት ንጣፎች የተሠራው ሞላ) ተጨፍልቆ ስለሚሄድ የትኛውም የአየር ከረጢት አያለሰልሰውም።

ተሳቢው ራሱም መታየት አለበት። ብዙ ተሳቢዎች በባሌስትራ ብቻ ይሄዳሉ፤ ሾክ አብዞርበር የላቸውም። በባሌስትራው መጋጠሚያዎች ውስጥ ያሉት ቡሽንጎች (ቡሎኑ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች) ፕላስቲክ ከሆኑ በጊዜ ይበላሉ፤ በነሐስ ቀይሮ ግራሶ የሚገባባቸው ቡሎኖች መግጠም አነስተኛ ወጪ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ተሳቢ ክብደቱን ለኋለኛው አክስል ስለሚሰጥ አንዱ አክስል ተጨንቆ ሌላው ይዘላል። የማያያዣውን ከፍታ አስተካክሎ ተሳቢውን ከመሬት ጋር ትይዩ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያረጋጋል። በዚህ ጊዜ ግን በተሳቢው ሥርና በፒካፑ የጎን ግድግዳ መካከል ወደ 6 ኢንች ገደማ መቅረት አለበት፤ አለዚያ መንገዱ ሲያጋድል አንዱ ሌላውን ይጨፈልቃል።

ማያያዝ

በሳህኑና በተሳቢው መካከል ግራሶ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ክብ ሉህ ይገባል። ፕላስቲኩ አቧራ ስለማይሰበስብና ልብስ ስለማያበላሽ በፒካፕ ዘንድ ይወደዳል። ውፍረቱ ግን ፔርኖውን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ለማያያዣው የተፈቀደ መሆኑ መታወቅ አለበት።

አደገኛው ስህተት ፔርኖው ከፍ ብሎ ሲገባ ነው። ከመንጋጋው በላይ ያርፋል፤ እጀታው የተዘጋ ይመስላል፤ መንጋጋው ግን የያዘው አየር ነው። ይህን ለማስቀረት ተሳቢው ከሳህኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ጎታቹ ወደ ኋላ ሲገባ ሳህኑ ራሱ ቀና አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያ ሾፌሩ ወርዶ በባትሪ ብርሃን በሳህኑና በተሳቢው መካከል ክፍተት አለመኖሩን፣ መንጋጋውም ፔርኖውን ከኋላ መያዙን በዓይኑ ያያል። የመብራት ገመዱንና ተሳቢው ቢለያይ ፍሬን የሚያስይዘውን ሽቦ ያገናኛል። የተሳቢው እግሮች ገና መሬት እንደነኩ፣ የተሳቢውን ፍሬን ይዞ መኪናውን በቀስታ ወደ ፊት ይስበዋል። ካልተያዘ ተሳቢው በእግሮቹ ላይ እንደ ቆመ ይቀራል፤ ከተያዘ መኪናው ፈቅ ማለት ያቅተዋል።